ያላነበብኩትን «አንብብ» ብዬ ነበር

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሐቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ የማካፍላችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው።

ባለፈው ዓመት ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ፣ «ኡስታዝ፣ ሰላት እየከበደኝ ነው። እሰግዳለሁ፤ ግን ቀልቤ የለም። ምን ላንብብ?» አለኝ። ስልኬን አወጣሁና የአስር ኪታቦች ስም ጽፌ ላክሁለት። ብዙዎቹ ባለ ብዙ ቅጽ ናቸው። ዝርዝሩን ላየው ሰው ያስደንቃል። እኔ ግን ከአስሩ አንብቤ የጨረስኩት ሦስቱን ብቻ ነበር። የቀሩትን የማውቀው በስም ነው።

ልጁ ለሳምንታት ጠፋ። ስደውልለት፣ «የመጀመሪያውን ከፈትኩት፤ አልገባኝም። ሁለተኛውንም ሞከርኩ። ከዚያ ኢማን የሌለኝ መሰለኝና ሁሉንም ተውኩት» አለኝ። ቀጥሎ የአንዱን ኪታብ ስም ጠርቶ፣ «ስለ ሰላት የሚያወራው የቱ ጋ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ትንሽ ዝም አልኩና፣ «እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም አላነበብኩትም» አልኩት።

ያን ምሽት ነገሩን ለአባቴ አጫወትኳቸው። አባቴ በልጅነታቸው ወሎ ውስጥ ደረሳ ሆነው የቀሩ ናቸው። «እኛ ደረሳ ሳለን አንዱን ኪታብ ሸኹ ፊት ሳናኸትም ወደ ሌላው አንሻገርም ነበር። አንተ ያልቀመስከውን ነው እንዴ ለሰው የምታጎርሰው?» አሉኝ።

ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሒራ ዋሻ የመጣው የመጀመሪያው ወሕይ በማንበብ ትእዛዝ ነው የጀመረው። ትእዛዙ ግን በጌታህ ስም አንብብ የሚል ነው። እኔ ያንን ዝርዝር የላክሁት በማን ስም ነበር? ራሴን ስመረምር፣ አዋቂ መስዬ ለመታየት ነበር። ሪያእ በሰላትና በሰደቃ ብቻ የሚገባ ይመስለን ይሆናል። በመጽሐፍ ዝርዝርም ይገባል። አላህ በሱረቱ ሶፍ የማንሠራውን መናገራችንን አጥብቆ ወቅሷል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ዲን ነሲሓ መሆኑን አስተምረውናል። ነሲሓ ደግሞ አማና ነው። «ይህን አንብብ» ስንል የዚያን ሰው ጊዜ፣ አንዳንዴም ተስፋውን ተቀብለን ነው።

ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁትና አብረን እንደገና ጀመርን። የመረጥነው የኢማም አን-ነወዊን «አርበዒን» ነው። አርባ ይባል እንጂ ሐዲሶቹ 42 ናቸው። ከመግሪብ በኋላ በየቀኑ አንድ ሐዲስ፣ በስልክ። እሱ በሚቀለው ቋንቋ ያነባል፤ እኔ በአማርኛ አስረዳለሁ። በሁለተኛው ምሽት የጂብሪል ሐዲስ ላይ ደረስን። ኢሕሳን ማለት አላህን እንደምናየው ሆነን መገዛት፣ እኛ ባናየው እንኳ እሱ እንደሚያየን ማወቅ መሆኑን አነበብን። ልጁ ዝም አለ። ከዚያም፣ «ኡስታዝ፣ የጎደለኝ ይሄ ነው» አለኝ። በስድስት ሳምንት አኸተምን። ሰላቱ በአንድ ሌሊት ተለወጠ አልላችሁም። አሁንም አንዳንዴ እንደሚከብደው ይነግረኛል። ግን አልተወም።

ከዚህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ያልጨረሳችሁትን መጽሐፍ ለሌላ ሰው አትምረጡ። ከተጠየቃችሁ «አላነበብኩትም» በሉ፤ አያሳፍርም።

ሁለተኛ፣ መጽሐፍ ከመጥቀሳችሁ በፊት ሰውየውን ጠይቁት። ምን አስጨነቀው? በየትኛው ቋንቋ ይቀለዋል? አስር ከምትዘረዝሩ አንድ ስጡት፤ ከቻላችሁም አብራችሁት አንብቡ። ወደ መልካም ያመላከተ እንደ ሠሪው አጅር እንዳለው አትርሱ።

ሦስተኛ፣ ጥቂት ይሁን፤ ግን አይቋረጥ። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ቢያንስም የሚዘወተረው ነው። በቀን ሁለት ገጽ ብታነቡ በዓመት ከሰባት መቶ ገጽ በላይ ነው።

አራተኛ፣ ቤታችሁን ተመልከቱ። በብዙዎቻችን ቤት በ1961 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም ይገኛል። ፊደሉ ቢያስቸግራችሁ እናታችሁ ወይም አባታችሁ ያንብቡላችሁ፤ እናንተ ደግሞ በለመዳችሁት ቋንቋ አንብቡላቸው። በዚህ ኢልምም፣ የወላጅ ሐቅም፣ አማርኛም በአንድ ላይ ይገኛሉ።

ዛሬ ማታ ጀምራችሁ የተዋችሁትን አንድ መጽሐፍ አንሱ። ጨርሱት፣ በተቻላችሁ መጠን ሥሩበት፣ ከዚያ ለአንድ ሰው አድርሱት።

ያ አላህ፣ የሚጠቅመንን አሳውቀን፣ ባሳወቅከንም ጥቀመን። ቀልባችንን ከሪያእ አጥራልን። ሰላትን ለከበደችው ሁሉ አቅልልለት። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።