ለማን ብለን ነው የምናቆያት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን ሊገሥጽ በገባ ጊዜ ስለ ጦርነት ወይም ስለ ግብር አላወራም። ስለ አንዲት በግ ነገረው። ታሪኩ ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 ላይ ነው። ደሀው ሰው ከእርሷ ሌላ ሀብት የለውም፤ ከልጆቹ ጋር አሳደጋት፤ እሱ ከሚበላው ትበላለች፣ እሱ በሚጠጣበት ትጠጣለች፣ ማታ እቅፉ ውስጥ ገብታ ትተኛለች። ለበዓል የምትቀለብ በግ አልነበረችም። አንድ ባለጸጋ ግን ነጥቆ ለእንግዳው አረዳት። ዳዊትም ይህን ሲሰማ “በግ አይደለች እንዴ፣ ምን አለበት?” አላለም፤ በቁጣ ነደደ። ለራሱ በደል ደንዝዞ የነበረው ልብ የተከፈተው በአንዲት የቤት እንስሳ በኩል ነው።

ይህን ያነሣሁት እዚህ አሜሪካ ምእመናን ከቅዳሴ በኋላ ጠጋ ብለው፣ ግራ ቀኙን አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከሚጠይቁኝ ነገር አንዱ የድመት ነገር ስለሆነ ነው። “አባ፣ እንዳይስቁብኝ እንጂ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ድመታችን ታማለች። ሐኪሟ በመርፌ ብናሳርፋት ይሻላል አሉን። ልጆቹ ያለቅሳሉ። ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?” አገር ቤት ድመት ለአይጥ ነበረች። ስታረጅ ወይ ትጠፋለች፣ ወይ ጓሮ ሞታ ትገኛለች፤ ማንም ወስኑ አላለንም። እዚህ ግን ከልጆቻችን ጋር አድጋ፣ አሥራ አምስት አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷት፣ የሕክምና መዝገብ ተከፍቶላት የቤት ሰው ሆነች። ውሳኔውም አብሮ መጣ። ድመት መግደል እርግማን ነው ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው ቀላል አይደለም።

መልሴን ሳላጓትት ልናገር። የማወራው ስለ ሰው አይደለም። የሰው ነፍስ የፈጣሪዋ ናት፤ ማንም ታሞ ስለተኛ ወላጁ ከዚህ ቃል ፈቃድ እንዳይወስድ። እንስሳ ግን በእጃችን የተሰጠች አደራ ናት። ለፋሲካ በግ ስናርድ ካህን አናማክርም፤ ቢላዋው እንዲሳል፣ በጉ እንዳይንገላታ ግን እንጠነቀቃለን። ለድግሳችን ማረድ የተፈቀደልን ሰዎች፣ ከሥቃይ ለመገላገል ማሳረፍ ይከለከልብናል ብዬ አላስተምርም። ኃጢአቱ ካለ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ለእርሷ እያልን ለራሳችን ስንወስን።

“ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ” እንላለን። ከዓመሏ አንዱ ሕመሟን መደበቅ ነው። ኩላሊቷ ከሥራው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን እስኪያጣ ድረስ ደኅና መስላ ትኖራለች። እኛ የምናየው ውኃ ማብዛቷን፣ የአሸዋ ሳጥኗ ቶሎ ቶሎ መርጠቡን፣ ጀርባዋን ስንዳብስ አጥንቷ እጃችን ላይ መቆጠሩን ነው። ከዚያ ራሷን መላስ ትተዋለች። ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ፤ ከነቃችበት ሰዓት ብዙ ድርሻውን ራሷን እየላሰች የምታሳልፍ ፍጡር ወገቧ ላይ ጸጉሯ ተቋጥሮ ስታዩ፣ አልጋ ላይ ውሎ ልብሱን መለወጥ ያቃተውን በሽተኛ እያያችሁ ነው። ከሰው ትሸሻለች፣ አልጋ ሥር ትገባለች። ውኃ ሳህኗ ላይ አንገቷን ደፍታ ትቆያለች፣ አትጠጣም። ስትዳብሷት ከጉሮሮዋ የሚወጣው “እርርር” የሚል ድምፅም አያታልላችሁ፤ ሲመቻትም ሲያማትም ታሰማዋለች።

የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች በ2019 የድመትን ሕመም ከፊቷ የሚያነብ መለኪያ አወጡ። የሚያዩት አምስት ነገር ነው። ጆሮዋ ወደ ጎን ዞሯል ወይ? ዓይኗ ጠቧል? አፍና አፍንጫዋ አካባቢ ተወጥሯል? ጢሟ እንዴት ነው? ራሷ ከትከሻዋ በታች ወርዷል? ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጣሉ። እኔ ይህን ከመንፈሳዊ ሥራ እቆጥረዋለሁ። መናገር የማይችልን ፍጡር ፊት ቁጭ ብሎ ማንበብ! ስንቶቻችን ነን ለትዳር አጋራችን ይህን ያደረግነው?

አሜሪካዊቷ የእንስሳት የካንሰር ሐኪም ዶክተር አሊስ ቪላሎቦስ ደግሞ በ2004 ቤተሰብ ቤቱ ሆኖ የሚሞላው ሰባት ጥያቄ አዘጋጅተዋል። ሕመሟን መድኃኒቱ ይዞላታል? ትበላለች? ውኃ ሰውነቷ ውስጥ አለ? ንጽሕናዋ ይጠበቃል? ደስ የሚላት ነገር ቀርቷል? ትንቀሳቀሳለች? ደግ ቀኗ ከክፉ ቀኗ ይበልጣል? እያንዳንዱ ከ10 ይታረማል፤ ከ70ው ከ35 በላይ ካገኘች ማስታመሙን መቀጠል ይቻላል ማለት ነው። ቁጥሩን እንደ ቀኖና አትያዙት። ባልና ሚስት፣ ልጆችም ጭምር፣ ለየብቻ ሞልተው ያስተያዩት። የአባትየው 20፣ የእናትየው 50 ከሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ የሚያየው ድመቷን ሳይሆን ራሱን ነው።

ራስን ማየት ብዙ ጊዜ ማዘግየት ሆኖ ይመጣል። ድመቷ የሟች እናቴ ነበረች፤ እሷ ስትሄድ እናቴ ሁለተኛ ትሞትብኛለች። ልጄ ኮሌጅ ነው፤ ለታንክስጊቪንግ በዓል መጥቶ ይሰናበታት። ቤቱ ጭር ይልብኛል። ይህ ሁሉ እውነተኛ ሐዘን ነው፣ አልንቀውም። ግን እህል ከቀመሰች አራት ቀን ሆኗታል። ድመት ጾም አታውቅም። እኛ የዓመቱን ግማሽ ያህል ስንጾም ሰውነታችን ይችለዋል፤ እርሷ ግን ለጥቂት ቀናት ካልበላች ስቧ ወደ ጉበቷ ሊጎርፍ፣ ጉበቷም ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ኩላሊቷ ጨርሶ ሲደክም ሆዷ ይገለበጣል፣ አፏ ውስጥ ይቆስላል፣ አንዳንዷን ያንቀጠቅጣታል። ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ፈሪሳውያንን ስለ በሬው ሲጠይቃቸው፣ ጉድጓድ የገባበት ሰው ሰንበት እስኪያልፍ ይጠብቃል ወይ ነበር ነገሩ። ሰንበት እንኳ ካላስጠበቀ ታንክስጊቪንግ አያስጠብቅም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ስለ ድመት የሚቀጣ ቃል ከነቢያቸው ሰምተዋል፤ ድመት አሥራ የገደለችው ሴት ጥፋቷ ሳታበላትም ሳትለቃትም መቅረቷ ነው።

“እግዚአብሔር በፈቀደ ጊዜ ትሙት” የሚሉኝም አሉ። ሲሰሙት ደስ የሚል አባባል ነው። ነገር ግን ለወራት ክኒን ሲያውጣት፣ ከቆዳዋ ሥር በመርፌ ፈሳሽ ሲሰጣት፣ ዕድሜዋን ሲያራዝም የነበረው የእኛ እጅ ነው። ሲያራዝም የእኛ የሆነ እጅ፣ ማብቃት ሲመጣ ብቻ “የእግዚአብሔር ነው” ብሎ ወደ ኪስ ቢገባ ትሕትና አይመስለኝም።

መቸኮልም አለ። ሽንቷ ምንጣፉን አበላሸው፤ በበጋ አገር ቤት ልንሄድ ነው፣ ማን ይጠብቅልናል? የከሳች አሮጊት ድመት ሁሉ ልትሞት ነው ማለት አይደለም። ጥርሷ ታሞ ማኘክ አቅቷት ይሆናል፤ የእንቅርት ዕጢዋ ከልክ በላይ ሠርቶ ይሆናል፣ እርሱም በክኒን ይያዛል። ሳታስመረምሩ አትወስኑ። ገንዘብን በተመለከተ ግን ግልጽ ልሁን፤ ለቤት ኪራይ ያስቀመጣችሁትን ለድመት ቀዶ ጥገና አውጡ አልልም፣ እግዚአብሔርም የሚል አይመስለኝም። “አቅም የለኝም” ማለት ሐቅ ነው፤ ለሐኪሙም እንዲሁ ንገሩት፣ ከሚቻለው ይጀምራል። አቅም ማጣትን “ተሠቃየችብኝ” በሚል ስም መሸፈን ነው ውሸቱ። ደግሞ ከራሳችሁ መድኃኒት አትስጧት፤ ታይለኖል ለድመት መርዝ ነው፣ አንዲት ፍሬ ልትገድላት ትችላለች።

ቀኑ ሲቆረጥ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ለሐኪሙ አስረክባችሁ መኪና ውስጥ አትጠብቁ፤ ግቡ። አስተናጋጇም ሐኪሟም እንግዳ ናቸው፤ የምታውቀው ሽታ የእናንተን ነው። ቤት ድረስ የሚመጣ ሐኪም ካገኛችሁ ይበልጥ ጥሩ። አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያደነዝዝ መርፌ ትወጋለች፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ራሷ መዳፋችሁ ላይ ይከብዳል። ከዚያ ሐኪሙ የእግሯን ጸጉር በትንሹ ይላጭና በደም ሥሯ ፔንቶባርቢታል የተባለ ማደንዘዣ ከመጠን በላይ ይሰጣታል። ንቃቷ መጀመሪያ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ትንፋሿ፣ ከዚያ ልቧ። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ ማረፏን ይነግራችኋል። ዓይኗ አይከደንም። ቆይታ አንዴ የተነፈሰች ልትመስል ትችላለች፣ ሽንቷም ሊያመልጥ ይችላል፤ ሕመም ስለተሰማት አይደለም። ይህን ሁሉ ለልጆቹ ቀድማችሁ ንገሯቸው። “ተኛች” ግን አትበሏቸው፤ በዚያው ሳምንት አልጋቸውን የሚፈሩ ሕፃናት አሉ። “በጣም ታማ ነበር፣ መዳን አልቻለችም፣ እንዳትሠቃይ ሐኪሙ እንድትሞት ረዳት፣ የወሰንነውም እኛ ነን” በሏቸው። ልጅ እውነት ይችላል።

ማታ የሚመጣውንም አውቀዋለሁ። አንዱ ቸኮልኩ ይላል፣ ሌላው ዘገየሁ፤ ብዙው ሰው በአንድ ሌሊት ሁለቱንም ይላል። ዳዊት ሕፃን ልጁ ታሞ ሳለ መሬት ላይ ተኝቶ ጾመ፤ ሞቱን በሰማ ጊዜ ግን ተነሥቶ ታጠበ፣ ልብሱን ለወጠ፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገባ፣ ከዚያ ማዕድ አስቀረበ። ልጅን ከድመት ላስተካክል አይደለም። መድከም የሚገባው እስትንፋስ ሳለ መሆኑን፣ ከዚያ በኋላ ያለው ራስን መክሰስ ለሞተው አንዳች እንደማይጠቅም ያውቅ ስለነበር ነው የማነሣው። አገልጋዮቹ ይህ ግራ ገብቷቸው ነበር፤ የእናንተም ዘመዶች ሰኞ ሥራ ስትገቡ ግራ ይገባቸው።

አንዲት እናት ደግሞ “ፍትሐት ይደረግላት?” ብላኛለች። አይደረግም። ፍትሐት ኃጢአት ላለበት ነው፤ ድመት የሚፈታ ኃጢአት የላትም። ቤታችሁ መጥቼ ለእናንተ ጸሎት አደርጋለሁ፣ ቡናም ካለ እጠጣለሁ፤ ከቅዳሜና እሑድ ውጭ የሚመቻችሁን ቀን ደውላችሁ ንገሩኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።