አደራና መልስ

ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ሳገለግል፣ የዕለቱን መዝገብ ሌሊት በቴፕ ካሴት ላይ ማስገልበጥ፣ ጠዋትም ካሴቱን አውጥቶ ቀኑን በብዕር ጽፎ በብረት ሣጥን መቈለፍ የእኔ ተግባር ነበረ፤ ማሽኑም ማለዳ ማለዳ ሥራው ያለ ስሕተት መፈጸሙን ስለሚነግረኝ፣ የመሥሪያ ቤቱ ነፍስ በዚያ ሣጥን ውስጥ ታድራለች ብዬ አምን ነበር። አንድ ቀን የኤሌክትሪክ ኃይል በርትቶ ሰርቨሩንም የቴፑን ድራይቭም ባቃጠለ ጊዜ አዲስ ድራይቭ ተገዝቶ መጣ። ካሴቱን ባጐርሰው ጥቂት አጕረመረመ፣ ክሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ደጋግሞ ጐተተ፣ በመጨረሻም ማንበብ አልቻልሁም ብሎ ተፋው። በማጽጃ ካሴት የድራይቩን ራስ ጠረግሁ፤ የትናንት በስቲያውን፣ ያለፈውን ሳምንት፣ ያለፈውን ወር ሞከርሁ፤ መልሱ አንድ ነው።

ነገሩ ኋላ ሲገለጥ፣ ካሴቶቹ በሚሽከረከር ራስ ክሩ ላይ በሰያፍ የሚጻፍባቸው፣ ዳት የሚባሉት ዐይነት ነበሩ፤ የተቃጠለው ድራይቭ ራሱ ከመስመሩ ለዐይን በማይታይ መጠን ዘንበል ብሎ ኖሮ፣ አጣሞ የጻፈውን በዚያው ጥመቱ እያነበበ፣ ቀና ነው ብሎ ስለ ራሱ ራሱ ይመሰክር ነበር። (እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ኤልቲኦ የሚባለው ካሴት የድራይቩ ራስ የሚከተለው ምልክት ከፋብሪካ ተጽፎበት ይመጣል፤ ማለትም ሕጉ ከጸሐፊው ውጭ ነው።)

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ መክሊቱ የተነገረውን ምሳሌ ባነበብሁ ቍጥር፣ መክሊቱን በምድር የቀበረውን ያን ባሪያ እንደ ቀድሞው መኰነን አልሆነልኝም። ሰነፍ መባሉ ይገባዋል፤ ነገር ግን ጌታው በመጣ ጊዜ ቆፍሮ የሰጠው ያንኑ የተቀበለውን መክሊት ነው፤ እኔ ግን ትርፉ ቀርቶ የቀበርሁትን እንኳ ማውጣት አልቻልሁም።

አለቃዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በዲቍና ያደጉ ሰው ነበሩ። ካሴቶቹን በየሳምንቱ እያወጣሁ በባዶ ማሽን ላይ ልመልስ ብላቸው፣ «ልጄ፣ ያመንኸውን ነገር ምነው ትፈታተነዋለህ?» አሉኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ አምላክን መፈታተን መከልከሉን እርሳቸውም እኔም እናውቃለን። ነገር ግን በዚያው ባደጉበት ጉባኤ ቤት፣ ተማሪ በቃሉ ያጠናውን ቀለም በመምህሩ ፊት ካላሰማ አጥንቷል አይባልም፤ የድጓ ሊቅ የሚሆነውም ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ ሲያስመሰክር እንጂ ዐውቃለሁ ሲል አይደለም። መምህሩ ተማሪውን ስለ ተጠራጠረ አይደለም የሚጠይቀው። ቋንቋችንም «መልስ» ስንል የጥያቄ ምላሽንም የገንዘብ ተመላሽንም በአንድ ቃል መጥራቱ ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ያልተጠየቀ አደራ ተመላሽ መሆኑ በምን ይታወቃል? የምፈትነው የእጄን ሥራ እንጂ አምላክን አይደለም ብዬ ስመልስላቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጥቂት ዝም አሉና ፈቀዱልኝ።

ይህም ቢሆን የሚበቃ አይደለም፤ ተጠያቂው ደኅና ሆኖ ሳለ ጠያቂው የሚሞትበት ጊዜ አለና። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1966 እና በ1967 ሉናር ኦርቢተር የተባሉ አምስት መንኰራኵሮች ልከው የጨረቃን ገጽ ካስነሡ በኋላ ሥዕሎቹ በቴፕ ታትመው ተቀመጡ፤ ክሮቹ በማኅደራቸው እንዳሉ ዐሥርታት ሲያልፉ፣ የሚያነቧቸው ኤፍአር-900 የተባሉት የአምፔክስ ማሽኖች ግን ከዓለም ሊጠፉ ጥቂት ቀራቸው። መዝገብ ጠባቂ የነበረች አንዲት ሴት ከማሽኖቹ ጥቂቶቹን እንዳይጣሉ ብላ ከራስዋ ዘንድ አኑራቸው ኖሮ፣ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ካሊፎርኒያ በሚገኘው በናሳ ኤምስ ግቢ፣ በተዘጋ የማክዶናልድ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ማሽኑን ዕቃ በዕቃ ጠግነው አስነሡት፤ ክሩም ሲዞር በመጀመሪያ የመለሰላቸው፣ ከ42 ዓመት በፊት የተነሣውን፣ ምድራችን ከጨረቃ ጠርዝ በላይ በከፊል ብርሃን ወጥታ የምትታይበትን ሥዕል ነበረ።