ያላየኋት ወፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ ጌታችን በተራራው ስብከቱ የሰማይን ወፎች እንድንመለከት አዞናል። ቃሉ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ ይገኛል፤ ስለ ምግብና ስለ ልብስ እንዳንጨነቅ ሲሰበክበትም ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ነገር ግን ተመልከቱ የተባልነውን ወፍ ቆም ብለን የተመለከትን ስንቶቻችን ነን? እኔ እስከ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቴ ድረስ ቁራን ከርግብ ከመለየት አላልፍም ነበር።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በተዋስነው አንድ ባይኖኩላር ወደ መናገሻ ሱባ ደን ወይም ወደ እንጦጦ እንወጣለን። (እሑድ አንወጣም። ወፎች የሚንጫጩበት ሰዓትና የቅዳሴው ሰዓት አንድ ስለሆነ ይህን አስቀድመን ተስማምተናል።) ያየነውንና በድምፁ ያወቅነውን ሁሉ፣ የቆየንበትን ሰዓት ጨምረን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ወደ ተጀመረውና ኢበርድ ወደሚባለው መዝገብ እንልካለን። በደቡባዊው አፍሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አገሩን ወርዱም ቁመቱም ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ አራት ማዕዘን ከፋፍለው፣ ሙያው ያልሆነ ሰው ሁሉ በዕረፍት ቀኑ እየሄደ በአንዱ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተመልክቶ ይመዘግባል፤ ከዚያም የወፎች አትላስ ይሠራል። ሁለት ሰዓት የመቆየቱን ልማድ እኛም ከእነሱ ወስደናል።

እንግዲህ ኃጢአቴን ልናገር። ባለፈው ዓመት ሱባ ውስጥ ከጽዱ ሥር አንዲት ግራጫ ወፍ ሽው ብላ አለፈች። ክንፏን እንኳ በደንብ አላየሁም። በዚያ ደን ውስጥ ግን ከአገራችን በቀር የትም የማትገኝ፣ በእንግሊዝኛው አቢሲኒያን ካትበርድ የምትባል ግራጫ ወፍ እንዳለች አንብቤ ነበር። ጓደኞቼ ከዚያ በፊት አይተዋታል፤ እኔ አላየኋትም። ስለዚህ ጻፍኳት። በልቤም፣ «አለች ተብሎ ተጽፏል፤ ብጽፋት ማን ይጎዳል?» አልሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ መዝገቡን ከሚያጣሩት ፈቃደኞች አንዱ በትሕትና ጠየቀኝ፤ ምን ዓይነት ምልክት አየህ? አለኝ። ያን ሌሊት መጽሐፉን ከፍቼ የጅራቷን፣ የግንባሯን፣ የደረቷን መልክ አጠናሁ፤ ምስክርነቴን ላዘጋጅ ነበር። በሐሰት መመስከርን የሚከለክለውን ትእዛዝ ሁላችን ለፍርድ ቤት እንጂ ለወፍ የተሰጠ አድርገን አናስበውም። እኔም አላሰብሁም፤ እጄ ግን መጻፍ እንቢ አለኝ።

የሚጎዳስ አለ። በቦረና፣ በያቤሎና በሜጋ ዙሪያ ብቻ የምትኖር አንዲት የቁራ ዘመድ አለች። ከመኖሪያዋ ወጣ ብሎ ያለው አገር ለዓይን አንድ ነው፤ ያው ግራር፣ ያው መስክ፤ እርሷ ግን የለችም። ተመራማሪዎች ያለችበትንና የሌለችበትን ቦታ አስተያይተው ምክንያቱን ሙቀት ላይ አገኙት፤ ቀዝቀዝ ያለውን ክልል አልፋ አትሄድም። ምድር እየሞቀች በሄደች ቁጥር ያ ክልል ምን ያህል እንደሚጠብብ እናንተው አስቡት። አንድ እንደ እኔ ያለ ተማሪ ከክልሉ ውጭ በሆነ ቦታ «አየሁ» ብሎ ቢጽፍ፣ ወይም ነገ ከያቤሎ ስትጠፋ ከልማድ «አለች» ቢል፣ በወረቀት ላይ ትኖራለች፤ በግራሩ ላይ ግን የለችም። የሚያዝንላትም አይኖርም፤ የጠፋች መሆኗን ማን ያውቃል?

ሌላም ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 በነጭ ሣር መንገድ ላይ የሞተ የሌሊት ወፍ መሳይ አዳኝ ተገኘ፤ በእንግሊዝኛው ናይትጃር የሚሉት ማለቴ ነው እንጂ የምናውቃትን የሌሊት ወፍ አይደለም። ሊተርፍ የቻለው አንድ ክንፉ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ ዝርያ ነው ብለው ሲሰይሙት ስሙን «ሶላላ» አሉት፤ ከላቲን ቃል ሲሆን አንድ ክንፍ ብቻ ለማለት ነው። የያዙትን ያህል ብቻ መሰከሩ፤ ይህ እኔን በጣም አሳፈረኝ።

ለጠያቂዬ «አላየኋትም፤ ገምቼ ነው» ብዬ ጽፌ ሰረዝኳት። መልሱ አጭር ምስጋና ነበር።

ከዚያ ወዲህ በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆይተን ዘጠኝ ዓይነት ብቻ አግኝተን ተመለስን። ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለውን ዝርዝር አፍሬ እተወው ነበር፤ አሁን ላክሁት። ስንወርድ ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን ገባን። በቅጥሩ ውስጥ ባለው ጽድና ወይራ ላይ ገና ከበሩ ሳናልፍ ሶሪት በቀይ ክንፏ ተነሣች። ጥበቃው ሽማግሌ ባይኖኩላሩን አይተው፣

«ልጄ፣ ዛሬስ ስንት አገኛችሁ?» አሉኝ።

«እላይ ዘጠኝ፣ አባባ።»

«ካለፈው አንሷል።»

«አዎ፣ አባባ፤ አንሷል» አልኋቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።