ለማን ተብሎ ይጠበቃል?

ሰው የማይኖርበት ምድር ባለቤት አለውን? ከሌለውስ ብናበላሸው ማንን በደልን? ይህን ጥያቄ ያነሣነው በደቡባዊው የህንድ ውቅያኖስ ስላሉት የከርጌለን ደሴቶች ስንወያይ ነው። ቋሚ ነዋሪ የላቸውም፤ ጥቂት የፈረንሳይ ተመራማሪዎችና ሠራተኞች ብቻ በየተራ ይከርሙባቸዋል። በ1874 እ.ኤ.አ. ጥንቸል ተለቀቀባቸው። ጥንቸሉም ተዋልዶ፣ መርከበኞች ከበሽታ ይድኑበት የነበረውን የደሴቱን ጎመን ከብዙ ቦታ አጠፋው። ክፋት ያሰበ አልነበረም፤ ከልካይም አልነበረም።

ነገሩ ለእኛ ለደገኞቹ ሩቅ አይምሰለን። የመንዙ ጓሳ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ በእርሻ ተከቦ የቀረ ደሴት ነው። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራማሪዎች ድንኳን ተክለው ጭላዳዎቹን ለዓመታት ተከታትለዋል። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25ቱ ብቻ እንደሚሳካለት የታወቀው እንዲህ በትዕግሥት ተቀምጦ በማየት ነው። (እረኛውም ሳይታዘበው አልቀረም እንላለን፤ የጠየቀው ግን አልነበረም።)

ጓሳን ያቆየው ግን ተመራማሪ ሳይሆን ቄሮ የተባለው ሥርዓት ነው። አባቶች ሣሩን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጉት ነበር፤ ከዚያ በበጋ ይከፍቱትና ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨድ፣ ከብትም ይሰማራበት ነበር። የጣሰ ይቀጣ ነበር። ለማሞገስ ግን አንቸኩል። ድርሻው የአጽመ ርስት ተወላጆች ነበር፤ ከዚያ ዘር ያልሆነው ሣሩን በዓይኑ ብቻ ያይ ነበር። በ1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ሲሆን ይህ በደል ቀረ፤ ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ ሁሉም ገባበት፤ ጓሳውም ተጎዳ። እንግዲህ ግፍ ያለበት አጥር ይሻላል ወይስ አጥር የሌለው እኩልነት?

ከመካከላችን አንዳንዶቹ «በሬው ለከሳበት ገበሬ ስለ ቀበሮ አታውሩለት» ይላሉ። እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ ሣሩ ካለቀ አስቀድሞ የሚጎዳው ያው ገበሬ ነው፤ ሀብታሙማ ቆርቆሮ ይገዛል። ኋላ ላይ የአካባቢው ሰዎች ከየቀበሌው ወኪል መርጠው ጓሳውን እንደገና መዝጋትና መክፈት ጀመሩ። ይህ ከሁለቱም የተሻለ መስሎናል። ሆኖም በዚያ ስብሰባ ላይ ገና ያልተወለደው ልጅና ቀበሮው ወኪል የላቸውም። ስለ እነርሱ ማን ይናገር በሚለው ላይ እስካሁን አልተስማማንም።