በሙታን ማዕድ ፊት ስለ መስገድ

በኮሪያ የሚኖር መጻተኛ ክርስቲያን፣ ቋንቋውን ቢለምድ፣ ጫማን ከደጃፍ ማውለቅንና ዕቃን ለታላቅ በሁለት እጅ ማቀበልን ጠባይ ቢያደርግ እንኳ፣ በጨረቃ አቆጣጠር በስምንተኛው ወር በ15ኛው ቀን የሚከበረው ቹሶክ ደርሶ አማቹ ወይም ወዳጁ ወደ ቤቱ በጠራው ጊዜ፣ ጨዋነት ብቻውን የማይፈታው ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይኸውም በሙታን ስም በተሰናዳ ማዕድ ፊት በግንባር ተደፍቶ መስገድ ይገባዋልን? የሚል ነው።

ሥርዓቱ በማለዳ ይጀመራል። ቀዩ ፍሬ በምሥራቅ፣ ነጩ በምዕራብ ይደረደራል፤ ከአዲሱ ሩዝ የተሠራው ሶንግፕዮን የሚባል ቂጣ ይቀርባል፤ የሟቹ መጠሪያ የተጻፈበት ወረቀት ከማዕዱ ራስጌ ይቆማል፤ አባወራውም ዕጣን አጢሶ የሩዝ ጠጅ ይቀዳል። ለሕያው ሽማግሌ አንድ ጊዜ የሚሰገደው፣ ለሙታን ሁለት ጊዜ ይሰገዳል። በፍጻሜው ወረቀቱ ተቃጥሎ ቤተ ሰቡ ያንኑ መብልና መጠጥ ይካፈላል። ተዝካር ሲወጣ እያየን ላደግን ለእኛ፣ ሙታንን በማዕድ ማሰብ እንግዳ አይደለም፤ ሆኖም የእኛ መብል ለካህናትና ለነዳያን የሚሰጥ፣ ጸሎቱም ወደ እግዚአብሔር የሚያርግ ሲሆን፣ በዚያ ማዕዱ የሚቀርበው ለሟቹ ለራሱ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን የአምልኮን ስግደት ለፈጣሪ ብቻ ለይታ የጸጋና የአክብሮት ስግደትን ስለ ፈቀደች፣ ብዙ ሰው «በልቤ አክብሮት ከሆነ ምን ይከፋል?» እያለ ይጽናናል። ሶርያዊው ንዕማንም ከንጉሡ ጋር በጣዖቱ በሬሞን ቤት እንደሚያጎነብስ ለኤልሳዕ ነግሮ በሰላም ተሰናብቷል፤ ሠለስቱ ደቂቅ ግን በዱራ ሜዳ ለንጉሡ ለናቡከደነፆር ምስል ከመስገድ እሳቱን መርጠዋል። ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ የሁለቱ ልዩነት በሰጋጁ ልብ ብቻ ሳይሆን ስግደቱን በሚቀበለው ዘንድ ነው፤ ናቡከደነፆር የፈለገው ወገብ ማጉበጥን ሳይሆን ሃይማኖትን ነበርና።

ስለዚህም ነገር የኮሪያ ምድር በደም የተጻፈ ምስክር አላት። በኮንፊሺየስ ትምህርት በቆመው በጆሶን መንግሥት፣ ካቶሊካዊው ዩን ጂ ቹንግ የአባቶቹን ስም የያዙትን የእንጨት ሰሌዳዎች አቃጥሎ፣ ለሞተችው እናቱም ሥርዓቱን አላደርግም ስላለ፣ በ1791 እ.ኤ.አ. በጆንጁ አንገቱን ተቀላ። ከ148 ዓመት በኋላ በ1939 የሮማው ፓፓ ፒዮስ 12ኛ የቻይናን የአባቶች መታሰቢያ እንደ ሀገር ልማድ ቈጥረው ሲፈቅዱ፣ የኮሪያ ካቶሊካውያንም ያንኑ ተከተሉ፤ በ2014 ደግሞ ፓፓ ፍራንሲስ ሴኡል ላይ ዩንን ብፁዕ ብለው ሰየሙት። ይህ እርስ በርሱ የሚቃረን የሚመስለው ላይ ላዩን ላየው ነው፤ በዩን ዘመን ሰሌዳው የነፍስ ማደሪያ ተብሎ ይታመን ነበርና፣ ያን ጊዜ የሰገደ ሁሉ ያን እምነት በአካሉ ይመሰክር ነበር።

እንግዲህ መጻተኛው ከራሱ ሕሊና ጋር ብቻ ተማክሮ ቢሰግድ፣ ምናልባት እግዚአብሔርን ባይበድል እንኳ፣ ስግደቱን በሌላ ትርጓሜ የሚቀበለውን አስተናጋጁን ያታልላል። ስለዚህ ከበዓሉ አስቀድሞ የቤቱን ሽማግሌ በትሕትና ይጠይቀው። «ለአባቶቻችን ውለታ መታሰቢያ ነው» ካለው፣ ከሙሉ ልቡ ይስገድ፤ «እነሆ መጥተው ይበላሉ» ካለው ግን፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ በዝምታ ይቁም፤ ለሽማግሌው ለራሱ ደግሞ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ይስገድ። ብዙ የኮሪያ ፕሮቴስታንቶች ስግደቱን ትተው በመዝሙርና በጸሎት ሙታናቸውን ስለሚያስቡ፣ በአንድ ቤት አንዱ ወንድም ሲሰግድ ሌላው ቆሞ መታየቱ ለዚያ ሀገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም።