የትኛው ሻኩ?

ሠላሳ ሦስት ሻኩ ልክ አሥር ሜትር ነው። አይተርፍም፣ አይጎድልም። አንዱን ሻኩ ለብቻው ነጥለን በሴንቲሜትር ልንጽፈው ስንል ግን 30.303030 እያለ መቋጫ የሌለው ቁጥር ይከተላል። የጃፓን ሕግ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ1891 የልኬት ሕጋቸውን ሲያወጡ ሻኩን የደነገጉት በክፍልፋይ ነው፦ የሜትር 10/33። ይህን ክፍልፋይ እወደዋለሁ። ከሁለቱ ልኬቶች አንዱንም አያጎድፍም፤ ሜትሩም ሻኩውም እንደ ራሳቸው ይኖራሉ፣ ሲገናኙም ቁርጥራጭ ሳይተርፍ ይገናኛሉ። አንዱን ልኬት ወደ ሌላው መመለስ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ የሚያሳይ ነገር እዚህ ውስጥ አለ፤ ቆም ብዬ ላየው የፈለግሁትም ይህንኑ ነው።

ስሌቱ ራሱ ቀላል ነው። ሻኩ አሥር ሱን አለው፤ ሱን ደግሞ አሥር ቡ። ስድስት ሻኩ አንድ ኬን፣ ስልሳ ኬን አንድ ቾ፣ ሠላሳ ስድስት ቾ አንድ ሪ ይሆናል። ሱን 3.03 ሴንቲሜትር፣ ኬን 1.818 ሜትር፣ ቾ 109 ሜትር ገደማ፣ ሪ 3.927 ኪሎሜትር ነው። ከታች በአሥር ሲሄድ የነበረው ቆጠራ ወደ ላይ ሲወጣ ወደ ስድስት፣ ወደ ስልሳ፣ ወደ ሠላሳ ስድስት መዞሩ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። እያንዳንዱን የወለደው ሥራ የተለያየ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ይጠራል። ሱን በእጅ ለሚሠራ ነገር ነው። ኬን በቤት ምሰሶና ምሰሶ መካከል ያለ ርቀት ነበር። ሪ የእግር መንገድ ነው፤ አንድ መንገደኛ በሰዓት ገደማ የሚጓዘው። የቶኩጋዋ መንግሥት ከ1604 ጀምሮ በትልልቆቹ ጎዳናዎች ዳር በየሪው የአፈር ጉብታ አስቆልሎ ዛፍ አስተክሎበታል። መንገደኛው ጉብታውን ሲያይ ምን ያህል እንደሄደና ምን ያህል እንደቀረው ያውቃል፤ ቢደክመውም ከጥላው ሥር ያርፋል።

ይሁንና ሪ ሁልጊዜ ይህን ያህል አልነበረም። ከቶኪዮ በስተምሥራቅ፣ በቺባ ግዛት፣ ኩጁኩሪ የሚባል ረጅም የአሸዋ ዳርቻ አለ፤ ስሙ ዘጠና ዘጠኝ ሪ ማለት ነው። የመለወጫ ሰንጠረዥ የያዘ ሰው 99ን በ3.927 ቢያባዛ 389 ኪሎሜትር ያገኛል። ዳርቻው ግን ከስልሳ ኪሎሜትር እምብዛም አያልፍም። ስሙ የተጋነነ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ግን አልተጋነነም። ስድስት ቾ ብቻ የነበረ ሌላ፣ አጭር ሪ ነበር፤ 654 ሜትር ተኩል ያህል። በእሱ ሲባዛ 65 ኪሎሜትር ገደማ ይመጣል። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው የጦር መሪው ሚናሞቶ ኖ ዮሪቶሞ በየሪው ቀስት እያስተከለ ዳርቻውን ሲያስለካ ዘጠና ዘጠኝ ቀስት ተተከለ። አፈ ታሪኩን ማመን ወይም አለማመን ለአንባቢ የተተወ ነው። ቁጥሩ ግን ከአሸዋው ጋር ይስማማል፤ የሚስማማውም ቁጥሩ በራሱ ዘመን ሪ ሲነበብ ነው።

ሻኩም እንዲሁ አንድ አይደለም። እስካሁን ያወራነው የአናጢውን ሻኩ፣ ካኔጃኩ የሚሉትን ነው። ልብስ ሰፊው ሌላ አለው፤ ኩጂራጃኩ፣ የዓሣ ነባሪ ሻኩ። ስሙን ያገኘው ማስመሪያው ይሠራበት ከነበረው፣ በዓሣ ነባሪ አፍ ውስጥ ከሚገኘው ጠንካራና ተጣጣፊ ዝርግ አካል ነው። የጨርቁ ሻኩ ከእንጨቱ ሻኩ በሩብ ይበልጣል፤ 37.88 ሴንቲሜትር። የኪሞኖ ጨርቅ ወርዱ ዘጠኝ ሱን ተኩል ገደማ ነው ሲባል ሰፊው የሚያስበው 36 ሴንቲሜትርን ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በእንጨቱ ሻኩ ቢለውጠው 28.8 ያወጣና ለአዋቂ ሰው ትከሻ የማይበቃ ጨርቅ በወረቀት ላይ ይሸምናል። ስሌቱ ላይ ቅንጣት ስሕተት የለም። የተሳተው ከስሌቱ በፊት መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ነው፦ ይህን ቁጥር የተናገረው ማን ነው? በእጁ የያዘው እንጨት ነው ወይስ ጨርቅ?

ከሁሉም አብልጦ የሚማርከኝ የአናጢው ስኳድራ ነው፤ ሳሺጋኔ ይሉታል። ቀጭን ብረት ነው፣ በቀኝ ማዕዘን የታጠፈ። በፊቱ በኩል ሻኩና ሱን ተቀርጾበታል። በጀርባው ያለው ምልክት ግን እያንዳንዱ በ1.414 እጥፍ የተዘረጋ ነው፤ የካሬ ሰያፍ ከጎኑ የሚበልጠውን ያህል ማለት ነው። አናጢው ክብ ግንድ ፊቱ ተጋድሞ ሳለ ስኳድራውን ገልብጦ የግንዱን ስፋት በጀርባው ያነባል። ያነበበው ቁጥር ከዚያ ግንድ ሊወጣ የሚችለው የትልቁ ባለ አራት ማዕዘን ምሰሶ ጎን ነው። ዲያሜትሩ አንድ ሻኩ የሆነ ግንድ በጀርባው ሰባት ሱን ያህል ያሳያል፤ ምሰሶውም ሰባት ሱን ይሆናል። ማባዛት የለ፣ ማካፈል የለ፣ ብዕር አያስፈልግም። ይህም መለወጥ ነው፤ ክብን ወደ አራት ማዕዘን፣ ዛፍን ወደ ቤት መለወጥ። በብረቱ ላይ ምልክቱን መጀመሪያ ያሰፈረው ሰው ለማያውቃቸው ብዙ ትውልዶች ሒሳቡን ሠርቶላቸው ሄዷል። እኛ በስልካችን የምናደርገው ልወጣ አንዱን ቁጥር በሌላ ቁጥር ይተካል፤ የእሱ ልወጣ መጨረሻው የቆመ ምሰሶ ነው።

ምድርን ራሷን በሪ የለካ ሰውም ነበር። ኢኖ ታዳታካ በሳዋራ ከተማ ነጋዴ ነበር። ሥራውን ለልጁ ትቶ ወደ ኤዶ፣ ወደ ዛሬዋ ቶኪዮ፣ ሲሄድ ዕድሜው ሃምሳ ደርሶ ነበር፤ እዚያም በዕድሜ በብዙ ከሚያንሰው ከታካሃሺ ዮሺቶኪ ዘንድ ሥነ ፈለክ ተማረ። ማወቅ የሚፈልገው የመሬትን ትልቅነት ነበር፤ ለዚህም አንድ የኬክሮስ ዲግሪ በምድር ላይ ምን ያህል ርቀት እንደሚይዝ መለካት ነበረበት። ከ1800 እስከ 1816 ድረስ እሱና ባልደረቦቹ የጃፓንን ዳርቻዎች በእግር እየዞሩ ለኩ። ያገኘውም አንድ ዲግሪ 28.2 ሪ ነው የሚል ነበር። በዛሬው ልኬት 110.75 ኪሎሜትር፤ አሁን ከሚታወቀው የሚለየው በጥቂት መቶ ሜትሮች ብቻ። እሱ በ1818 ዐረፈ፤ ከልኬቱ የተሠራው ካርታ በባልደረቦቹ እጅ ተጠናቅቆ በ1821 ለመንግሥት ቀረበ። ይህን ሳስብ የሚደንቀኝ ሌላ ነገር አለ። ሜትር ራሱ በፈረንሳይ በ1790ዎቹ ሲወለድ ከዋልታ እስከ ምድር ወገብ ካለው ርቀት አንድ አሥር ሚሊዮንኛው እንዲሆን ታስቦ ነበር። ፈረንሳውያኑ ከመሬት ልክ አዲስ መለኪያ አወጡ፤ ኢኖ በነባሩ መለኪያ የመሬትን ልክ ደረሰበት። ሁለቱም የለኩት አንዲቱን ምድር በመሆኑ 28.2 ሪ ወደ ኪሎሜትር ሲመለስ አያፍርም።

ጃፓን የሜትር ስምምነትን የተቀበለችው በ1885 ነው። ከፕላቲነምና ከኢሪዲየም የተሠራው ቁጥር 22 የሜትር ዘንግ በ1890 ደረሳት፤ በቀጣዩ ዓመት የ10/33 ሕግ ወጣ። ከዚያ በኋላ ነገሩ እየጠበቀ ሄደ። በ1921 ሜትር ብቸኛው ልኬት ይሁን ተባለ፤ ተቃውሞ በረታና ተፈጻሚነቱ እየተላለፈ ቆየ። ከጥር 1 ቀን 1959 ወዲህ ግን ሻኩን በንግድ መጠቀም ተከለከለ፤ ለመሬትና ለሕንፃ የተሰጠውም ጊዜ በ1966 አበቃ። ቅጣት ነበረበት። የሻኩ ማስመሪያ ሠርቶ መሸጥ ወንጀል ሲሆን አናጢዎችና ኪሞኖ ሰፊዎች የሙያቸውን ዕቃ ከገበያ አጡ። በ1970ዎቹ ኤይ ሮኩሱኬ፣ በዓለም ‹ሱኪያኪ› በሚል ስም የታወቀውን ዘፈን ግጥም የደረሰው የሬዲዮ ሰው፣ ለእነዚህ ባለሙያዎች ጥብቅና ቆሞ ክልከላውን በአደባባይ ተሟገተ። ከዚያ የተገኘው መፍትሔ ወደዚያው ክፍልፋይ የሚመለስ ነው፦ በየ1/33 ሜትሩ ምልክት ያለበት ማስመሪያ እንዲሸጥ ተፈቀደ። የሜትር አንድ ሠላሳ ሦስተኛ አንድ ሱን ነው። መንግሥት በብረቱ ላይ ሜትርን ያነባል፣ አናጢው ሱንን ያነባል፤ ሁለቱም እውነት ነው የሚያነቡት።

ዛሬ በጃፓን ገበያ የተለመደው ኮምፔንሳቶ 910 በ1820 ሚሊሜትር ነው፤ ሦስት ሻኩ በስድስት ሻኩ፣ ለአሠራር እንዲመች የተጠጋጋ። ማጠጋጋቱ በሦስት ሻኩ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። በአሥራ አንድ ኬን ግን ሁለት ሴንቲሜትር ይሆናል፤ አሮጌ ቤት ለሚያድስ አናጢ ሁለት ሴንቲሜትር ብዙ ነው።

አንድ ልኬት እስከ መቼ እንደሠራ አለመጠየቅ ሊቃውንትንም እንዴት እንደሚያስት ሆርዩጂ ይመሰክራል። በናራ ግዛት ያለው ይህ ቤተ መቅደስ በዓለም ላይ ቆመው ከሚገኙ የእንጨት ሕንፃዎች ጥንታዊዎቹን ይዟል። ኒሆን ሾኪ የተባለው ዜና መዋዕል ግን በ670 አንድም ሳይቀር ተቃጠለ ይላል። በ1905 የሥነ ሕንፃ ታሪክ አጥኚው ሴኪኖ ታዳሺ ሕንፃዎቹን ለክቶ አንድ ነገር አስተዋለ። ልኮቹ ንጹሕ ቁጥር የሚሰጡት ከኮሪያ በመጣው በኮማ ሻኩ፣ 35.6 ሴንቲሜትር ገደማ በሆነው ነው፤ ከሠላሳ ሴንቲሜትር ጥቂት በሚያንሰው በታንግ ሻኩ ሲሰሉ ግን ሽርፍራፊ ይበዛቸዋል። ኮማ ሻኩ ቤተ መንግሥቱ በአዋጅ ካወጣው ከ645ቱ የታይካ ለውጥ በፊት የነበረ ልኬት ነውና ሕንፃዎቹ ከእሳቱ በፊት የተሠሩ ናቸው፣ ዜና መዋዕሉ ተሳስቷል ሲል ደመደመ። የታሪክ ምሁሩ ኪታ ሳዳኪቺ ለዜና መዋዕሉ ቆመ። ክርክሩ አሥርት ዓመታት ፈጀ። በ1939 ግቢው ተቆፍሮ የቀደመው ቤተ መቅደስ መሠረት ተገኘ፤ የቆሙት ሕንፃዎች ከቃጠሎው በኋላ እንደገና የተሠሩ መሆናቸውም ታወቀ።

ለእኔ ሴኪኖ አያንስብኝም። ሕንፃው በየትኛው ሻኩ እንደተሠራ እንጨቱን ራሱን ጠይቋል፤ ይህ ትልቅ ትዕግሥት ነው። የሳተው ልኬቱ ከአዋጅ ጋር አብሮ ያበቃል ብሎ ማሰቡ ላይ ነው። ከቤተ መንግሥት የወጣ ቃል የአናጢን እጅ በአንድ ቀን እንደማይለውጠው በ1959 በዚያው አገር እንደገና ታይቷል። ሴኪኖ ይህን ሁሉ ሊጠይቅ የቻለውም ሕንፃው የተወጠነበት ልክ በእንጨቱ ላይ ሳይጠፋ ስለቆየ ነው። በሜትር ብቻ ተጽፎ የቀረ ልክ ስለ ሠሪው ምንም አይነግረንም።

ስለዚህ የጃፓንን ታሪክ፣ ተረት ወይም የእጅ ሥራ ወደ አማርኛ የምትመልሱ ጸሐፍትና ተርጓሚዎች አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሻኩውን፣ ሱኑን፣ ሪውን ከቦታው አታንሱት። ሜትሩን ከጎኑ ጻፉልን፣ ያስፈልገናልና። የአናጢው ይሁን የሰፊው፣ አጭሩ ሪ ይሁን ረጅሙ፣ ይህንም በአንድ መስመር ንገሩን።