ልምድ ወይስ ጠባይ፦ ሰው ጠባቂ ሲመረጥ

የኦንላይን ማኅበረሰብ የሚያስተዳድር ሰው፣ በተለምዶ አጠራሩ አድሚን፣ ሲፈለግ የሥራ ማስታወቂያው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዓመት ነው፤ «2 ዓመትና ከዚያ በላይ»፣ አንዳንዴም «0 ዓመት»። ጠባይ «ታጋሽና ተግባቢ» ተብሎ ከታች በአንድ መስመር ይታለፋል። ይህ ቅደም ተከተል ልክ ነው ወይ የሚለው ክርክር ከኮምፒውተር በብዙ ይቀድማል፤ ሰው እንዲጠብቅ የሚሾም ሰው በምን ይመዘናል ከሚለው የመጣ ነውና።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 የምድያም ካህን ዮቶር፣ ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ሲዳኝ አይቶ ሥራውን ለሌሎች እንዲያካፍል ይመክረዋል። ለሚሾሙት ያወጣው መስፈርት ችሎታ፣ እግዚአብሔርን መፍራት፣ እውነተኛነትና ጉቦን መጥላት ነው። ዳኝተው ያውቁ እንደሆነ አልጠየቀም፤ ከግብፅ ባርነት ገና በወጣ ሕዝብ መካከል ዳኝቶ የሚያውቅ ከየት ይገኛል? የልምዱን ጉድለት የሸፈነው አሠራሩ ነው። ሹማምንቱ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቃ ሆነው ትንሹን ነገር ራሳቸው ይቆርጣሉ፤ ከባዱ ወደ ሙሴ ይወጣል። ሻለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሃምሳ አለቃና አሥር አለቃ የሚሉት የኢትዮጵያ ሠራዊት ማዕረጎች ዛሬም ያንኑ አቆጣጠር ያስታውሳሉ።

የሐዋርያት ሥራ በበኩሉ ሁለት የተለያዩ ምርጫዎችን ጎን ለጎን ያሳያል። በምዕራፍ 1 የይሁዳን ቦታ የሚተካው ሰው ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ እስከ ዕርገት ድረስ አብሮ የነበረ መሆን አለበት፤ መስፈርቱን ካሟሉት ከዮሴፍና ከማትያስ ዕጣው ለማትያስ ወጣ። በምዕራፍ 6 ደግሞ ግሪክኛ ተናጋሪ መበለቶች በየዕለቱ እደላ ተዘነጉ የሚል ማጉረምረም ሲነሣ ሰባት ሰዎች ተመረጡ፤ የተፈለገባቸውም መልካም ምስክርነት፣ መንፈስና ጥበብ ነው። የሰባቱም ስም ግሪክኛ መሆኑ ልብ ይሏል፤ ቅሬታውን ለማየት የተሾሙት የቅሬታውን ባለቤቶች ቋንቋ የሚያውቁ ሳይሆኑ አይቀሩም። በሁለቱም ቦታ ሌላ ማኅበር መርቶ ማወቅ አልተጠየቀም። የተፈለገው ልምድ አብሮ የመኖር ልምድ ነው፤ ይህ ደግሞ በሥራ ማስታወቂያ ላይ ከሚቆጠረው ዓመት ጋር አንድ አይደለም።

ለልምድ አጥብቆ የቆመው አሪስቶትል ነው። ሐኪም የሚያክመው «ሰው» የሚባለውን ነገር ሳይሆን ይህን ወይም ያንን በሽተኛ ነው ይላል፤ ስለዚህ ንድፈ ሐሳብ ብቻ ካለው ይልቅ ልምድ ያለው ይሳካለታል። በኒኮማኮስ ሥነ ምግባር 6ኛ መጽሐፍም ወጣት ጎበዝ የሒሳብ ሰው ሊሆን ቢችልም አስተዋይ ለመሆን ግን ዕድሜ እንደሚያስፈልገው ያስረዳል፤ ማስተዋል ነጠላ ነጠላ ጉዳዮችን ማወቅ ይፈልጋልና። ይሁን እንጂ ቅልጥፍናን ከማስተዋል ይለያል፤ ዓላማው ክፉ የሆነ ቀልጣፋ መሰሪ ነው።

የልምድና የጠባይ ልዩነት በአንድ ጉዳይ ላይ ሲታይ ይጠራል። የ20,000 አባላት የቴሌግራም ግሩፕ አለ እንበል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሪያድ ያለች የቤት ሠራተኛ «ፓስፖርቴን ያዙብኝ፣ ደሞዜን ከለከሉኝ፣ እባካችሁ» ብላ ስልክ ቁጥሯን ትለጥፋለች። ስልክ መለጠፍ በግሩፑ ሕግ ክልክል ነው። ደግ ግን ጀማሪ የሆነ አድሚን አዝኖ ይተወዋል፤ እስኪነጋ ደላላውም አጭበርባሪውም ቁጥሯን ይዟል። አሥር ግሩፕ የመራና ልቡ የደነደነ አድሚን ይህን ስለሚያውቅ ወዲያው ያጠፋውና ይተኛል፤ አንድም ሕግ አልጣሰም። ሦስተኛው ቁጥሩን ያጠፋል፣ ግን በውስጥ መስመር ይጽፍላታል፤ የት ሰፈር እንዳለች፣ በሩ ተቆልፎባት እንደሆነ፣ ኤምባሲውን አግኝታ እንደሆነ ይጠይቃታል። በተመሳሳይ ልመና ገንዘብ የሚሰበስቡ አታላዮች ስላሉም በእሷ ስም መዋጮ አይከፍትም፤ ግን አታላይ ናት ብሎም አይዘጋትም።

ሦስተኛው ሰው ካልተገኘ ከመጀመሪያው ጋር መሥራት ከሁለተኛው ጋር ከመሥራት ይሻላል። አጥፊና አጭበርባሪ የሚለዩበትን መንገድ፣ የቦት አሠራርንም ሆነ ማንን መቼ ብሎክ ማድረግ እንደሚገባ ጀማሪ በጥቂት ወራት ይለምደዋል፤ ለሰው መጨነቅን ግን ሥልጠና ሲያስተምር እምብዛም አይታይም። ይህ ግን አንድ ገደብ አለው፤ ደግነቱ ያልተፈተነ ሰው ብቻውን አይተውም። ወደ ጢሞቴዎስ የተላከው 1ኛ መልእክት ምዕራፍ 3 አዲስ አማኝ ኤጲስ ቆጶስ እንዳይሆን የሚከለክለው ሥራውን ስለማያውቅ ሳይሆን እንዳይታበይ ነው፤ ዲያቆናትም ተፈትነው ያገልግሉ ይላል። እድርተኛም ገንዘብ ያዥ ሲመርጥ ከወረቀት ይልቅ በዝናብ ድንኳን ሲተክል ያየውን ሰው ያስታውሳል። ለአድሚኑም የሙከራው ጊዜ ጥቂት ሰዎች ያሉበት ግሩፕና የሌሊት ተራ ቢሆን ይበቃል፤ መታየት ያለበት ደግሞ ስንት ጽሑፍ አጠፋ ሳይሆን በስሕተት ያባረረውን አባል እንዴት አድርጎ መለሰው የሚለው ነው።